የክርስትና እናት ሆነው ተመርጠዋል

የልጅ ልጄ ክርስትና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ጎልማሳ የወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ግቢያችን ድረስ መጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሸ፣ የሕፃኗ የክርስትና እናት እንዲሆን ስለመረጥነው አመሰገነኝ። ሰውየው ጢም አለው። ይህ እንዴት እንደመጣ ለመናገር ከወፍጮው መጀመር ይሻለኛል።

ቤታችን ቦሳ አዲስ የሚባለው ሰፈር ነው። ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ጎረቤቴ ወፍጮ ቤት አላት። ባሏ ያረፈ ጊዜ ወፍጮውን ታከራየዋለች ብለን ስንጠብቅ፣ እሷ ከአርባው በኋላ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ገባችበት። ይኸው እስከ ዛሬ ጤፉንም በቆሎውንም በርበሬውንም ራሷ ትፈጫለች። ልጅ አልወለደችም።

ወፍጮው ቀኑን ሙሉ ስለሚጮህ እሷም ትጮኻለች። ሞተሩ ጠፍቶም ትጮኻለች። ቅዳሴ ላይ በልቧ የምትጸልየውን ከሴቶች በር እስከ ወንዶች በር እንሰማዋለን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለንና፣ ስለዚህ የማናውቀው ኃጢአት የላትም። ንስሐ አባታችን አንድ ቀን ኑዛዜዋን በወረቀት ጽፋ እንድታመጣ መክረዋታል ይባላል። እውነት ይሁን የሰፈር ጨዋታ አላውቅም፤ እሳቸውን ደፍሬ አልጠየቅኩም።

ሌላም ልማድ አላት። ጆሮዋ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ስለማይረዳት የሰው ከንፈር ታነባለች። ደንበኛው «ይላም» ሲል ታያለች እንጂ አትሰማም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ ይረሳል። ወረፋ የያዙ ሴቶች ጩኸቱን እንደ መጋረጃ ቆጥረው የልባቸውን ይጫወታሉ። እሷ ከማዶ ዱቄት እየዛቀች የሁሉንም ትጨርሰዋለች። ካየችው ውስጥ አንዲት ቃል አውጥታ ስትናገር ግን ሰምቼ አላውቅም። ያን ያህል ድምፅ ኖሯት ያን ያህል ምሥጢር የምትጠብቅ ሴት ሌላ የለችም።

የሰፈሩም መልእክት በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። ሁሉም ዱቄት ይፈልጋልና፣ የእድር ጥሪም ይሁን የጠፋ በግ ወፍጮ ቤት ከተነገረ ደርሷል ማለት ነው።

በሰፈራችን ሕፃን ሲወለድ ለድግሱ የሚሆነው ጤፍ የሚፈጨው እሷ ጋር ነው። ግን አንድም ሰው «የክርስትና እናት ሁኚልኝ» ብሏት አያውቅም። ሕፃኑን ታስደነግጠዋለች ይላሉ። እሷ በየክርስትናው ትመጣለች፤ በር አጠገብ ትቀመጣለች፤ ሕፃኑን ከሩቅ አይታ «ያድግልሽ!» ትልና ቤቱን አንቀጥቅጣ ትሄዳለች። አንድም ቀን ልያዘው ስትል አላየሁም።

ልጄ ሴት ልጅ ስትገላገል እኔ ቤት ነበር የታረሰችው። ባሏ ቡና ነጋዴ ነው፤ ያኔ ወቅቱ ስለነበር ከአጋሮ ሊሙ ይዞር ነበር። ሕፃኗ ጤነኛ ናት፤ ክብር ለእሱ ይሁን። ነገር ግን አትተኛም። አዘልናት፣ አወዛወዝናት፣ ጠበል አስረጨናት፤ ታለቅሳለች። አንድ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ቆይቶ መጣና ከታች ወፍጮው ተነሣ። ሕፃኗ በለቅሶዋ መሐል ቆም አለች፤ አዳመጠች፤ ተኛች። ወፍጮው ሲቆም ነቃች። እንዲህ ሆነን ከረምን። ሌላው ሕዝብ መብራት ሲጠፋ ስለ ምጣዱ ያስባል፤ እኛ ስለ ወፍጮው እንጸልያለን።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ለልጄ፣ የክርስትና እናቷ ማን እንደምትሆን እግዚአብሔር ነግሮናል አልኳት። ልጄ ሳቀች፤ ሕፃኗን አየቻት፤ መሳቋን ተወች። «እውነትሽን ነው እማ» አለች።

እንዲህ ያለው ጥያቄ በአካል ሄዶ ነው የሚጠየቀው። ነጠላዬን ለብሼ ወረድኩ። ወፍጮው ይጮኻል፤ ወረፋው እስከ መንገዱ ወጥቷል። እሷ እኔን ስታይ ሥራዋን ትታ ከንፈሬን አተኩራ ተመለከተች። ወረፋ የያዙትም ተመለከቱኝ። እንዲህ ያለ ነገር በጩኸት አይነገርም፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ደግሞ ከንፈሬ እንቢ አለ። በመጨረሻ የወጣኝ «ሽሮዬ ደረሰ ወይ?» የሚል ነው።

ሽሮ አልሰጠኋትም ነበር። እሷ ጆንያውን ሁሉ ገልጣ ፈለገችልኝ። አፍሬ ተመለስኩ።

ልጄ ሥራዋ የኢንተርኔት ገጽ መሥራት ነው። አራስ ቤት ሆና እንኳ በአንድ እጇ ሕፃኗን፣ በሌላው ስልኳን ይዛ ትሠራለች። ስመለስ አይታ እንዳልሆነልኝ ገባት። የጥሪ ካርድ ከማሳተም ይልቅ ለክርስትናው አንድ ገጽ እንደሠራች፣ የወፍጮዋንም ሴት በእሱ እንደምትጠይቅልኝ ነገረችኝ።

«አድራሻው ለሁሉም አንድ ነው፣ እማ። ከአድራሻው ኋላ የጥያቄ ምልክት አለ። የሚለየው ከእሱ ኋላ የምጽፈው ቃል ነው።»

አሳየችኝ። በአድራሻው መጨረሻ ?ማን=እንግዳ ብላ ስትጽፍ፣ የድግሱን ቀንና ቦታ የሚናገር ጥሪ ወጣ። እንግዳ የሚለውን አጥፍታ ?ማን=እናት ስትል፣ ዙሪያውን ነጭ አበባ ያለው ሌላ ጽሑፍ መጣ፤ «እንኳን ደስ አለዎት። የልጃችን የክርስትና እናት ሆነው ተመርጠዋል» ይላል። ከሥሩ «እሺ» የሚል ቁልፍ አለው። ሁሉንም አጥፍታ አድራሻውን ብቻ ስታስቀረው ደግሞ ገጹ «ማን ልበል?» ብሎ ጠየቀ።

ይህችኛዋን ወደድኳት። እናቴም በር ሲንኳኳ እንዲሁ ነበር የምትለው።

ሦስት ገጽ ነው ወይ የሠራሽው ብላት፣ አንድ ነው አለች። ሰው የትኛውን ገጽ እንደሚፈልግ ሳይናገር ቤቱን ብቻ የጠራ እንደሆነ፣ ገጹን የያዘው፣ ሰርቨር የሚሉት ማሽን፣ በሩ ላይ የመደበውን አንዱን ገጽ ያስነሣዋል። ከጥያቄ ምልክቱ ኋላ ያለው ቃል ለዚያው ገጽ ይደርሰዋል፤ እሱም በቃሉ መሠረት የሚመልሰውን ይመርጣል።

«እንደ ዘበኛ» አልኩ።

«እንደ ዘበኛ።»

«የመጣውን ሰው ያየዋል?»

«አያየውም። የተነገረውን ነው የሚያምነው።»

ሳያዩ ማመን መልካም ነው አልኳት። ለሰው እንጂ ለዘበኛ አይደለም ብላ ሳቀች። በዚህ እሷ ልክ ነበረች፤ ግን ሕፃኗ ስላለቀሰች ሁለታችንም ነገሩን አልገፋንበትም።

ለወፍጮዋ ሴት እናት የሚለውን ላከችላት። ብዙም ሳይቆይ የልጄ ስልክ ጢን አለ። እሺ ብላለች። እኔ ተነሥቼ አማተብኩ። ገና ሳልቀመጥ ስልኩ እንደገና ጢን አለ። ቀጥሎም። ማታ ራት እስክንበላ ድረስ ጢን ጢን ሲል ዋለ።

«ደስ ብሏት ደጋግማ እየነካችው ነው» አለች ልጄ።

«ተያት፣ ትንካ» አልኳት። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀች ሴት ናት።

በማግስቱ የማኅበራችን ሊቀ መንበር መጣች። የጡረተኛ ዳኛ ሚስት ናት፤ ያለ ጉዳይ የማንንም ቤት አትረግጥም። በሥነ ሥርዓት የታጠፈ፣ አንገቱ ጥልፍ የሆነ ነጭ የሕፃን ቀሚስ ሰጠችኝ። ሻይ አቀረብኩ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ለእኔ የሚገባ አልነበረም» አለች። ስለ ሻዩ መሰለኝና፣ ምን አለበት ጠጪ አልኳት። እጄን ስማ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ከመንደራ ቆጪ አንዲት የማኅበር እህታችን በባጃጅ መጣች። እሷም ነጭ ቀሚስ ይዛለች፤ የሐር ማተብ ጨምራለች። ጸሎተ ሃይማኖትን እንደ አዲስ እያጠናች መሆኗን ነገረችኝ። ለሁላችንም ይበጃል አልኳት። በግእዝ ይሻላል ወይስ በአማርኛ ብላ ጠየቀችኝ። እግዚአብሔር ሁለቱንም ይሰማል አልኳት። በመልሴ በጣም ተደሰተች።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ሙስሊም ጎረቤታችን መጣች። በገዛ እጇ የሰፋችው ነጭ ቀሚስ ነበር፤ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው።

«ወላሂ እህቴ፣ ሳየው አለቀስኩ» አለችኝ። «ባለቤቴንም አማከርኩት። እንዲህ ያለ ክብር አይመለስም አለኝ። ግን ታውቂያለሽ፣ በእኛ ሃይማኖት አይሆንም።»

ድግሱ መስሎኝ፣ ይህማ የታወቀ ነው፣ መቼም ቢሆን ለእናንተ ለብቻ ነው የምናሰናዳው አልኳት።

«ለብቻ?» አለች ደንግጣ። ሕፃኗን አየቻት። «ሁለት ጊዜ ትነከራለች?»

ምን እንዳለች አልገባኝም። ሥራ ብዛት ነው ብዬ አለፍኩት።

ቀሚሱ አልጋው ላይ ተከመረ። የመጡት ሁሉ ስለ ቀሚሱ ብቻ ነው የሚያወሩት፤ ምክንያቱን አፍ ሞልቶ የሚናገር የለም። በእኛ ዘንድ የክርስትና እናትነት የተሰጣት ሴት በሰጪው ፊት አትመካም። እኔ ይህን ሁሉ የሰፈሬ ቸርነት አድርጌ ቆጠርኩት። ማታ ስጸልይ፣ ጌታ ሆይ ምን ዓይነት ጎረቤት ነው የሰጠኸኝ እያልኩ አመሰገንኩ። ምስጋናው አሁንም አይመለስም፤ ትክክል ነበር።

ያ ጆንያ ተሸካሚ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የሰቃ ልጅ ነው፤ አማርኛውን ከኦሮምኛው ጋር እያፈራረቀ ይናገራል። በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ።

«አዮ፣ ገለቶማ» አለኝ፤ እናቴ፣ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። «ስልኬ ላይ አየሁት። እምቢ ማለት ነውር ነው ብዬ እሺ የሚለውን ነካሁት። ሚስቴም ከመረጡህ ምክንያት ይኖራቸዋል አለችኝ። ግን አዮ...» ባርኔጣውን አሸው። «እኔ እኮ ወንድ ነኝ።»

ስልኩን ዘረጋልኝ። ነጩ አበባ፣ «እንኳን ደስ አለዎት»፣ ሁሉም አለ። ከላይ አድራሻው ላይ ?ማን=እናት ይላል።

ልጄ ሕፃኗን ታቅፋ ወጣች፤ ስልኩን አየች፤ ማን እንደላከለት ጠየቀችው። የወፍጮ ቤቷ እመቤት ናት የላከችልኝ አለ። ልጄ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ያኔ ነው ለሁላችንም የተገለጠው። የወፍጮ ቤቷ ሴት የተላከላትን ስታይ ደስታው ለብቻዋ አልበቃላትም። መጻፍ ስለማትወድ አንዲት ቃል ሳትጨምር ያንኑ ሊንክ ስልኳ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ላከችው። ይዩልኝ ብላ ነው። የተላከላቸው ደግሞ የሰፈር መልእክት በእሷ በኩል ስለሚያልፍ፣ ከእኛ ተልካ መሰላቸው። ሲከፍቱት ዘበኛው በቃሉ አምኖ ለከፈተው ሁሉ «ተመርጠዋል» አለ። ዘበኛ ሰው አያይም።

ልጄ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጆንያ ተሸካሚውም ሳቀ፤ ነገር ግን ትንሽ ቅር ያለው መሰለኝ። ቀሚሱን ከካፖርቱ ውስጥ አውጥቶ ሰጠኝና ሄደ። እሱም አምጥቶ ነበር።

እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ሕፃኗ አለመተኛቷን ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ጆሮዬን ጣልኩ። መብራት አለ፤ ወፍጮው ግን ዝም ብሏል።

ወረድኩ። ወፍጮ ቤቱ ተቆልፏል፤ በሩ ላይ ሴቶች እህላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። የአንዷ ጤፍ ግማሹ ተፈጭቶ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል። እነሱ እንደነገሩኝ፣ ረፋዱ ላይ አንዷ በዚህ ማዕዘን ለጎረቤቷ፣ ሌላዋ በዚያ ማዕዘን ለእህቷ፣ ለማንም እንዳትነግሪ እያሉ የክርስትና እናትነታቸውን ሲያንሾካሹኩ ነበር። በጩኸቱ እርስ በርስ አልተሰማሙም። ሁለቱንም ያየቻቸው አንዲት ሴት ናት። ሞተሩን አጠፋች፤ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው፤ ሻሿን አራገፈች፤ ቆለፈች። ወደ ወንድሟ ቤት ሰቃ ሄዳለች አሉኝ። ምን አለች ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ምንም» አሉኝ፤ እነሱም የፈሩት ይህንኑ ነበር።

ልጄ ለሁሉም «ስህተት ነው» የሚል መልእክት በስልክ እበትናለሁ አለች። እንዳታደርጊው አልኳት። በስልክ የተበተነ በእግር ነው የሚሰበሰበው። ደግሞ ክርስትናው ቀርቧል፤ እሷ ካልተመለሰች ሌላ ሴት መለመን አለብኝ፤ ሌላ ሴት ከለመንኩ ደግሞ ጎረቤቴ ዳግመኛ የማንም ሕፃን አጠገብ አትደርስም። ይህን አውቃለሁ። ልጄ ስልኬ ላይ አድራሻውን ከፍታ፣ ከጥያቄ ምልክቱ ኋላ ያለውን እንዴት እንደማጠፋ አስጠናችኝ። ከዳዊት በቀር ያን ያህል ያጠናሁት ነገር የለም። በሚኒባስ ሰቃ ሄድኩ።

የወንድሟ ሚስት በኦሮምኛ ሰላም ብላኝ ወደ ጓሮ አሳየችኝ። ጎረቤቴ በእንጨት አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና እያገላበጠች ነበር። ስታየኝ ፊቷን አዞረች። ለሌላ ሰው ፊት ማዞር ኩርፊያ ብቻ ነው፤ ለእሷ ጆሮን መድፈን ነው። እኔ በአልጋው ዞሬ ከፊቷ ቆምኩ፤ እሷ ወደ ማዶ ዞረች። እንደገና ዞርኩ፤ እንደገና ዞረች። ሁለት አሮጊቶች አንድ የቡና አልጋ ስንዞር የወንድሟ ሚስት አፏን በነጠላዋ ይዛ ታየናለች።

ጉልበቴ ሲደክም ቆምኩ። እሷም ደክሟት ነበርና ቆመች፤ ፊት ለፊት ሆንን።

«ያን ቀን ሽሮ አልነበረኝም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ድምፅዋ እንደማንኛውም ሴት ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር። ፈራሁ። «ጆንያውን ሁሉ ገልጫለሁ እኮ። አንቺ ሽሮ ልትጠይቂኝ ነጠላ ለብሰሽ አትመጪም።»

«ይህን ልጠይቅሽ ነበር።»

«ሁሉንም ነው የጠየቅሽው።»

«ለሁሉም የላክሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ የላክሁት ደስታዬን ነው።»

ነገሩን በቻልኩት አስረዳኋት። ገጹ ዘበኛ እንደሆነ፣ ሰው እንደማያይ፣ ቃሉ እናት ካለ ለከፈተው ሁሉ እናት እንደሚል ነገርኳት። ጆንያ ተሸካሚዋም እንደተመረጠ ነገርኳት።

«የትኛው?» አለች።

«ባለ ጢሙ። ቀሚስ ሁሉ አምጥቷል።»

ከንፈሯን ነከሰች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ልቅሶ ይሁን ሳቅ መለየት አልቻልኩም። ስልኬን አወጣሁ። መነጽሬን አደረግኩ። እንደተማርኩት ከጥያቄ ምልክቱ ኋላ ያለውን አንድ በአንድ አጠፋሁት፤ አድራሻው ብቻውን ቀረ። ነካሁት። ፀሐዩ ላይ ስለማይታያት ጽሑፉን አነበብኩላት።

«ማን ልበል ይላል» አልኳት።

ቡናውን አየች፤ ስልኩን አየች፤ ከንፈሬን አየች፤ እኔም ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

«የክርስትና እናቷ ናት በይው!» አለች።

ያ የማውቀው ድምፅ ነበር። የወንድሟ ዶሮዎች አጥሩን ዘለሉ፤ የወንድሟ ሚስትም ነጠላዋን ከአፏ ለቀቀችው።

ከሰቃ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የክርስትናውን ቀን አወቀ።

የተበተነውን በእግሬ ሰበሰብኩ። የማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ እኔማ ጠርጥሬ ነበር አለች። የመንደራ ቆጪዋም እንዲሁ። ጸሎተ ሃይማኖቱን ግን በግእዝ ጨርሳው ነበርና አልከሰረችም። ልብስ ሰፊዋ ከሁሉ አብዝታ ተደሰተች፤ ከባሏ ጋር ስንት ቀን ሲጨነቁ እንደነበር ያኔ ነገረችኝ። ቀሚሴን መልሺ ያለችኝ ሴት የለችም። ጆንያ ተሸካሚውን ሄጄ ስነግረው፣ «እንደ እንግዳስ መምጣት እችላለሁ?» አለኝ። ልጄ ?ማን=እንግዳ የሚለውን ላከችለት። እሺ አለ።

በክርስትናው ዕለት ወፍጮው ስለማይፈጭ ሕፃኗ ከንጋት ጀምሮ ስታለቅስ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ጎረቤቴ አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ቅንድቧ ላይ ያለው ዱቄት ሳይቀር ታጥቦ ቆማለች። ንስሐ አባታችን የክርስትና እናት ትቅረብ ሲሉ ሴቶቹ ሁሉ መንገድ ለቀቁላት። ሕፃኗን ተቀበለች። እንዳታስደነግጣት ፈርታ ሳምንቱን ሙሉ ዝቅ ብሎ መናገር ስትለማመድ እንደከረመች በኋላ ነው የሰማሁት።

ሥርዓቱ እንደሚያዘው ስለ ሕፃኗ ሆና ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን መካድ አለባት። በሹክሹክታ ካደችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ አልሰማኋትም፤ ሰይጣንም የሰማት አልመሰለኝም። ሕፃኗ ግን ባሰባት፤ ፊቷ እስኪቀላ ጮኸች። ጎረቤቴ ተርበደበደች። ንስሐ አባታችን መጽሐፋቸውን ይዘው ቆሙ። ከኋላ አንዷ «ብለን ነበር» ስትል ሰማሁ።

ጎረቤቴ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፤ ከንፈሬን አየችኝ። በዚያ ቦታ ቃል ማውጣት ለእኔ አይገባም። ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ «ጩኺ» አልኳት።

ደረቷን ሞላች።

ከዚያ በኋላ ሰይጣን ባለበት ሳይሰማ የቀረ አይመስለኝም። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ የነበሩት ርግቦች ተነሡ፤ ዲያቆኑ ጧፉን ሊጥለው ነበር። ሕፃኗ በለቅሶዋ መሐል ቆም አለች፤ አዳመጠች። ጎረቤቴ ወደ ምሥራቅ ዞራ ማመኗን ስትናገር ሕፃኗ ዓይኗን ከደነች። እስክትነከር ድረስ ተኛች። ውኃው ነካት፤ አለቀሰች፤ የክርስትና እናቷ «አይዞሽ!» አለቻት፤ መልሳ ተኛች። ንስሐ አባታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጸሎቷ ድምፅ ምንም ሲናገሩ አልሰማሁም።

ከነጫጮቹ ቀሚሶች መጀመሪያ ያለበስናት ልብስ ሰፊዋ የሰፋችውን ነው። ሌሎቹን በየእሑዱ እያፈራረቅን አልብሰናት ገና አልጨረስንም፤ አንዳንዱ ሳይለበስ ሊጠብባት ነው። የጆንያ ተሸካሚው ሰፊ ስለሆነ ለዓመትም ይደርሳል።

ልጄ ወደ ቤቷ ስትመለስ ገጹን ልትዘጋው ነበር። ምን ይበላል ተዪው አልኳት። አሁን ቃል ሳይጨምር የሚመጣ ካለ ማን ልበል ይለዋል፤ እንግዳ ለሚል ድግሱ አልፏል፣ እግዚአብሔር ያክብርልን ይላል። እናት የሚለውን ግን ልጄ እንዳለ ተወችው። ከሰዓት በኋላ ወረፋው ሲቀል፣ ከታች ወፍጮው ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይላል። ትንሽ ቆይቶ የልጄ ስልክ ጢን ይላል።

ልጄ ትደውልልኛለች።

«እማ፣ ዛሬም እሺ አለች።»

ተመስገን እላለሁ። ወፍጮው ይነሣል።